ምርጡን አውራ ዶሮ አትሽጡት

የአበሻ ዶሮን የማያውቅ ሰው የለም። ቀን በየደጁ ትጭራለች። ማታ ቆጥ ላይ ትወጣለች። ዓመት በዓል ሲመጣ ትታረዳለች። በቃ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ይሄን ነው። ከየት መጣች? አባቷ ማነው? ዘሯስ እንዴት ይቀጥላል? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለ በሬ ቢሆን ኖሮ አባቱንም አያቱንም እንጠራ ነበር።

ነገሩን ከገበያው እንጀምረው። በፋሲካ ሰሞን ሾላ ገበያ ሂዱና ተመልከቱ። ከኮተቤ፣ ከጎሮ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ ሰው ይመጣል። ገዥው የሚያነሳው የትኛውን ዶሮ ነው? ትልቁን፣ ቀዩን፣ እግሩ ወፍራሙን፣ በአናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነውን ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ከግቢው ምርጡን ይዞ ይወጣል። ታዲያ ከበዓሉ በኋላ ግቢ ውስጥ የሚቀረው ማነው? ገዥ አንስቶ የመለሰው ቀጫጫው ነው። እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት ጫጩቶች አባት የሚሆነው እሱ ነው።

አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ግድ የለም። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ሲደጋገም ግን ዘሩ እያነሰ ይሄዳል። እንቁላሉም እንደዚያው ነው። ትልቅ ትልቁ ይሸጣል፣ ትንሽ ትንሹ ለእቅፍ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዞር ብለን በዶሮዋ ላይ እንፈርድባታለን። «የአበሻ ዶሮ እኮ ትንሽ ናት፣ እንቁላሏም አይረባም» እንላለን። ያሳነስናት እኛው ነን።

ዶሮ ጥንት የዱር ወፍ ነበረች። የተላመደችው በሩቁ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ቀይ የዱር ዶሮ እስከ ዛሬ አለ። ወደ አገራችን የመጣችው ግን ትናንት አይደለም። በትግራይ መዝበር በሚባል ቦታ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከአክሱም መንግሥት በፊት ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን በብርድ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በጭልፊት መካከል የኖረች ፍጡር ዝም ብላ አልኖረችም። የማይችለው ሞተ፣ የቻለው ተረፈ። ዛሬ ደጃችን ላይ የምትጭረው የተረፈችው ናት።

ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም። በወለጋ በኩል የሆሮ ዶሮ አለ። በጎጃም የጥሊሊ ዶሮ አለ። በሐረርጌ የጃርሶ ዶሮ አለ። ሌላም ሌላም። ላባዋን አይቶ ገብስማ፣ ዥግርማ፣ ልበወርቅ ብሎ ስም ያወጣላት ገበሬው ነው። አንገቷ ላባ የሌላትም አለች። አንዳንዱ ሰው ይህችን አይወዳትም፣ መልኳ ይቀፈዋል። እኔ ግን ቆላ ለሚኖር ሰው ጥሩ ናት እላለሁ። ላባዋ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣላታል።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሆሮን ዶሮ ይዞ የሠራው ሥራ አለ። ይህን ሥራ ገበሬ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከፈረንጅ ዶሮ ጋር አላዳቀሏትም። ያደረጉት መምረጥ ብቻ ነው። ከሁሉም መካከል ብዙ የጣለችውንና ክብደት ያላትን፣ እንዲሁም ምርጥ አውራዎችን ለይተው ለዘር አስቀሩ። ከልጆቻቸውም እንደገና መረጡ። ከልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደጋገም የእንቁላሉ ቁጥርም የዶሮዋ ክብደትም በግልጽ ጨመረ። ያው የአበሻ ዶሮ ናት እኮ! እኛ በገበያ ቀን የምናደርገውን ገልብጠው ስላደረጉት ነው።

ከምሥራቅ አዲስ አበባ ሳንወጣም፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ አለ። መሠረቱ የተጣለው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ነው። ይህ ተቋም በ2007 ዓ.ም. ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመረ። ልዩ ልዩ ዶሮዎችን ለገበሬ ቤት ሰጥተው የትኛዋ እንደምትሻል ገበሬውን ራሱን ጠየቁ። ከተሰጡት መካከል የሆሮ ዶሮም ነበረች።

እውነቱን እንነጋገር። ሥራችሁ እንቁላል መሸጥ ብቻ ከሆነ የአበሻ ዶሮ አታዋጣም። ደጅ ጭራ የምታድር የአበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። የፈረንጅ እንቁላል ጣይ በጥሩ መኖና በጥሩ አያያዝ ከ250 በላይ ትጥላለች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሌማት ትሩፋት በሚባለው ሥራ የከተማው ሰውም ዶሮ በብዛት ይዟል። ያም መልካም ነው። ነገር ግን የፈረንጅ እንቁላል ጣይ አትታቀፍም። መታቀፍ ከዘሯ እንዲጠፋ ተደርጋ ተመርጣለች። ጥላ ጥላ ስታበቃ ትታረዳለች፣ እናንተም ጫጩት እንደገና በገንዘብ ትገዛላችሁ። የአበሻ ዶሮ ግን ራሷን ትተካለች። መብራት አትፈልግም፣ መኪና አትፈልግም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለእንቁላል የፈረንጅ ዶሮ የያዘ ሰውም ቢሆን ሁለት ሦስት የአበሻ ዶሮ ከጎን ቢያኖር አይጎዳም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ አባትና እናት መምረጥ ነው። ከፋሲካ በፊት፣ ገዥ ግቢ ሳይገባ፣ አንዱን ምርጥ አውራ ለዩና እግሩ ላይ ክር እሰሩለት። ክር የታሰረበት አይሸጥም፣ አይታረድም፣ እንግዳ ቢመጣም አይታረድም። ለስምንት ወይም ለአሥር ሴት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ሁለት ሲሆኑ ይደባደባሉ፣ ሥራም ይፈታሉ። አውራው ከእነዚያው ዶሮዎች የተወለደ አይሁን። ወንድምና እህት ሲዳቀሉ ጫጩቱ ይደክማል፣ እንቁላሉም ብዙ አይፈለፈልም። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በየዓመቱ አውራ ተለዋወጡ። ገንዘብ አይፈልግም፣ መግባባት ብቻ ነው። ሴቷንም ስትመርጡ መልኳን አትዩ፣ ሥራዋን እዩ። ብዙ የጣለችው ማናት? ባለፈው ዓመት ከአሥር ጫጩት ስምንቱን ያሳደገችው ማናት? ጭልፊት ሲመጣ ጫጩቶቿን ትታ የሸሸችውስ? ያቺን ለወጥ።

ከዚያ እንቁላል መልቀም ነው። ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል አይፈለፈልም። እነዚያ ዶሮዎች አውራ ሳያዩ ነው የሚጥሉት። አንዳንድ ሰው በማይሆን እንቁላል ዶሮዋን 21 ቀን ያደክማታል። መካከለኛ መጠን ያለውን፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀውን፣ ቅርጹ ያልተጣመመውን ምረጡ። የቆሸሸውን በውሃ አትጠቡት። ቅርፊቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶበታል። ከላዩ ያለው ስስ ሽፋን ሲታጠብ ይነሳና ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ሹል እንቁላል ወንድ ይሆናል፣ ክቡ ሴት ይሆናል የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። ወንድና ሴቱ በቅርጽ አይታወቅም።

አሁን ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው አንድ ነገር ያድርግ። እርሳስ ያንሳና እያንዳንዱ እንቁላል ላይ የተጣለበትን ቀን ይጻፍ። «መስከረም 18» ብሎ። በእስክሪብቶ አይሁን፣ በእርሳስ ነው። ሰባት ቀን ያልሞላው እንቁላል ለእቅፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በየቀኑ የመፈልፈል ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት የሞላውን ጥበሱና ብሉት። እስኪታቀፍ ድረስ ቀዝቀዝ ባለ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ምድጃ አጠገብ አታድርጉት። ትንሽ ሙቀት ሲነካው ውስጡ ይጀምርና እንደገና ሲቀዘቅዝ ይሞታል።

ጎሮ አካባቢ አንዲት እናት አሉ። በፊት ገበሬ ነበሩ። ዛሬ ማሳቸው ላይ ሕንፃ ቆሞበታል፤ የቀራቸው ጠባብ ግቢና ስድስት ዶሮ ነው። እሳቸው ማንበብ የተማሩት በስተርጅና ነው። እንቁላሉን ሲያሳዩኝ በአንዱ ላይ ቀን ብቻ ሳይሆን «ገ» የሚል ፊደል አየሁበት። «እማማ፣ ይሄ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «የገብስማዋ ነዋ ልጄ» አሉኝ። «የቀይዋ ‹ቀ› ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ካላወቅሁ ምኑን እመርጣለሁ?» የሚፈለፈልበትን ቀን ደግሞ በከሰል በሩ ላይ ጽፈውታል። ምርምር ማዕከል የሚደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህ የእናት፣ ይህ የአባት፣ ይህ ቀኑ ብሎ መጻፍ ነው።

ዶሮዋ ልትታቀፍ ስትፈልግ ታስታውቃለች። ጎጆዋን አትለቅም፣ ላባዋን ታብጣለች፣ ቢነኳት ትነክሳለች፣ ድምፅዋ ይለወጣል። በብዙ ቤት ልማዱ ይህን ማስተው ነው፤ ቶሎ እንድትጥል ተብሎ። ውሃ ይነክሯታል፣ ቁልቁል ያንጠለጥሏታል፣ አፍንጫዋ ውስጥ ላባ ይሰኩባታል። ጭካኔ ነው። መታቀፏን ካልፈለጋችሁ ጎረቤት ቤት ሦስት አራት ቀን ብትወስዷት ትተወዋለች። ከፈለጋችሁ ግን እሰየው፣ መፈልፈያ መኪና በነፃ አገኛችሁ ማለት ነው።

ጎጆው ጨለም ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ውሻና ልጅ የማይደርስበት ይሁን። ሰፊ ቅርጫት ወይም የተሰበረ ገንቦ ይበቃል። ከታች ትንሽ ደረቅ አፈር፣ ከላይ ጭድ። ከጭዱ በታች አመድ ብትነሰንሱ ቅንቅን ይቀንሳል። ቅንቅን የበዛባት ዶሮ እንቁላሉን ጥላ ትነሳለች። በእንቁላሉ መካከል ሚስማር ወይም ከሰል የሚያስቀምጡ አሉ፣ ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ብለው። ሚስማሩ ምንም አያደርግም። በክረምት እንቁላል የሚበላሸው በእርጥበትና በብርድ ነው፤ መብረቁን ሰው ስለሚሰማው በእሱ ያሳብባል።

ስንት እንቁላል ታቅፋለች? በዶሮዋ ትልቅነት ነው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ይበቃታል። በኛ አገር ብርድ አሥራ ስምንት ቢያሸክሟት ዳር ዳሩ እየቀዘቀዘ፣ ቦታ እየተለዋወጠ፣ ሁሉም ይጎዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ማታ ማታ አስታቅፏት። ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሁለት እያላችሁ አትጨምሩ። እንደዚያ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሲፈለፈሉ ትነሳና የኋለኞቹ ይቀራሉ። በቀን አንድ ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል ወጥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትጥላለች። አትደንግጡ፣ አያበላሸውም። ውሃና እህል ከጎጆው አጠገብ አድርጉላት። ራቅ ብላ ከሄደች ትዘገያለች።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ወይም በሞባይል መብራት ተመልከቱ። ክፍሉ ጨለማ ይሁን፣ መብራቱን በሰፊው ወገን በኩል አስጠጉት። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ቀይ ሥር ከታየ ሕይወት አለው። ጥርት ብሎ ባዶ ከሆነ አውራ አላየውም፣ አውጡት። ቀይ ቀለበት ብቻ ከሆነ ተጀምሮ ሞቷል። የሞተውን ካልለያችሁት ይገማና ይፈነዳል፣ ደኅናውንም ያበላሻል። ይህን ስትሠሩ ቶሎ ቶሎ ይሁን፤ ዶሮዋን አታስቆጧት።

የመፈልፈያ ሳጥን መሥራት የሚፈልግም አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በግብፅ አገር ከ2,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች በጭቃ ጡብ ምድጃ እየሠሩ፣ ኩበት እያነደዱ፣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይፈለፍሉ ነበር። ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። ሙቀቱን የሚያውቁት እንቁላሉን ዓይናቸው ቆብ ላይ አስጠግተው ነው። የዛሬው የቤት ሳጥን ደግሞ አምፖል፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞሜትርና አንድ ሳህን ውሃ ነው። ማራገቢያ ካለው ሙቀቱ 37 ተኩል ዲግሪ ገደማ፣ ከሌለው በእንቁላሉ አናት ላይ 38 ተኩል ገደማ ይሁን። እንቁላሉን በየቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መገልበጥ አለባችሁ፤ ዶሮዋ ይህን በመንቁሯ ታደርገው ነበር። በአንዱ ጎን «አ»፣ በሌላው ጎን «በ» ብላችሁ በእርሳስ ብትጽፉ የተገለበጠው ካልተገለበጠው ይለያል። ከ18ኛው ቀን በኋላ መገልበጥ ይቆማል።

እዚህ ላይ የከፍታውን ነገር ልናገር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኮተቤና የካ በኩል ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። እንቁላል በ21 ቀን ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 12 ያህሉን ውሃ ያጣል፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ለጫጩቷ መተንፈሻ ኪስ የሚሰፋው በዚያ ነው። በስስ አየር ግን ውሃው ቶሎ ይወጣል፣ ጫጩቷም የምትተነፍሰው ነገር ያንሳታል። ስለዚህ የሳጥናችሁ የውሃ ሳህን እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ውሃውንም የአየር መግቢያውንም ጨምሩ። በሌላው ዓለም በተራራማ አገር የተደረገ ጥናት ከቆላ የመጣ እንቁላል ደጋ ላይ ሲታቀፍ በብዛት እንደማይፈለፈል አሳይቷል። ከሩቅ ቆላ እንቁላል አስመጥቶ እዚህ ከመሞከር፣ እዚሁ የኖረችውን ዶሮ እንቁላል መያዝ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

መብራት ሲሄድስ? ሳጥኑን አትክፈቱ። ብርድ ልብስ ደርቡበት። ቶሎ ካልመጣ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ከእንቁላሉ ጎን አስገቡ፣ ፕላስቲኩን እንዳያቀልጠው የፈላ አይሁን። አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ሁሉም አይሞትም። ሙሉ ሌሊት ከሆነ ግን ያስፈራል። እውነቱን ለመናገር መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከአንድ ሳጥን ይልቅ ሁለት ታቃፊ ዶሮ ብይዝ ይሻለኛል።

በ21ኛው ቀን ጫጩቷ ቅርፊቱን ትበሳለች። ከበሳች በኋላ እስክትወጣ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ቀን ትቆያለች። እጃችሁን ያሳክካችኋል፣ አውቃለሁ። አትንኩት። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ደም ገና ወደ ሰውነቷ እየተመለሰ ነው፣ አስኳሉም ወደ ሆዷ እየገባ ነው። ሰው ፈልቅቆ ሲያወጣት ትደማለች፣ ትሞታለች። ከወጣች በኋላም ምግብ ቶሎ ስጧት ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሆዷ የገባው አስኳል ለሁለት ቀን ገደማ ያኖራታል። ውሃ ግን አስቀድሙላት። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይሁን፣ ጠጠር ጨምሩበት። ጥልቅ ከሆነ ትሰጥማለች።

አሁን ዋናው ጭንቀት ይመጣል። ደጅ ከሚለቀቁ የአበሻ ጫጩቶች መካከል ሁለት ወር ሳይሞላቸው የሚያልቁት ግማሽ ያህል ናቸው፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ይበልጣሉ። ብርድ፣ ጭልፊት፣ ሸለምጥማጥ፣ ድመት፣ ረሃብና በሽታ ይጨርሳቸዋል። አሥራ ሁለት ፈልፍሎ አሥር ማሳደግ ሃያ አራት ፈልፍሎ ስድስት ከማሳደግ ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ወር እናትና ጫጩቶች ክንብል ብሎ በተቀመጠ ትልቅ ቅርጫት ወይም በሽቦ በታጠረ ቦታ ይዋሉ። ምግቡ የተፈጨ በቆሎ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ስብርባሪ፣ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ቢገኝ ደግሞ ተፍረክርኮ። ከእንጀራ ድርቆሹ ይሰጣል፣ የሻገተው ግን አይሰጥም። ሻጋታ ጫጩት ይገድላል።

እናቲቱ ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ሦስት ወር ስለምትዞር በዚህ ጊዜ አትጥልም። ቶሎ እንድትጥል የሚፈልግ ሰው ጫጩቶቹን ለይቶ በጭድ ሳጥን ማሳደግ ይችላል። ይህ በአገራችን የግብርና ኮሌጆች የተሞከረና ለገበሬ የቀረበ ዘዴ ነው። ከውጭ አንድ ሳጥን አለ፣ ከውስጡ ደግሞ ትንሽ ክብ ቦታ። በሁለቱ መካከል ጭድ ጠቅጥቆ መሙላት ነው። ክዳኑም ጭድ የተሞላ ይሆናል፤ አየር መግቢያ ቀዳዳ አይረሳም። ማታ ጫጩቶቹ ውስጥ ሲገቡ በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ። መብራት የለ፣ ከሰል የለ። ቁጥራቸው ግን ብዙ ሲሆን ነው የሚሞቃቸው። ሦስት ጫጩት ብቻ ይዞ በጭድ ሳጥን ላሳድግ ያለ ሰው ጠዋት በድን ያገኛል።

ስለ ፈንግል ሳልናገር አላልፍም። ግቢ ባዶ የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዝናብ ሲጀምር ነው። ዶሮዋ ትተክዛለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ከያዛት በኋላ መድኃኒት የለውም። ይህን ያወቀ ሰው ምን ያደርጋል? የቀሩትን ሳይሞቱ ሩጦ ገበያ ይወስዳቸዋል! በሽታው ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። የገዛችሁትን አዲስ ዶሮ ሁሉ ሁለት ሳምንት ለብቻው አስቀምጡ። የሞተውን ቅበሩ እንጂ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፣ ለውሻም አትስጡ።

ገበያ ስንል፣ የአበሻ ናት ብለው የተዳቀለ ቀይ ዶሮ የሚሸጡም አሉ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እዚህ የሚታለለው ግን ሰውየው ነው። ለወጥ ከሆነ አይጎዳም። ለዘር ከሆነ ግን ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ዶሮዋን ስትታቀፍ ካየኋት ሰው ግቢ እገዛለሁ በሉ።

ጊዜውንም ቁጠሩ። የአበሻ አውራ ለገበያ የሚደርሰው በስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። መስከረም 25 የታቀፈ እንቁላል ጥቅምት 16 ይፈለፈላል። ዝናቡ ቆሟል፣ እህልም እየደረሰ ነው፣ ለጫጩት የተመቸ ወቅት ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ስድስት ወር ይሞላዋል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ የዓመቱን ፋሲካ አይታችሁ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ አድርጉ። ለእንቁጣጣሽ ያለ ሰው የካቲት 10 ቢያስታቅፍ መጋቢት 1 ይፈለፈልለታል፤ ሰኔ ዝናብ ሲገባ ጫጩቱ ሦስት ወር ሆኖት ጠንክሯል። በሐምሌ ማስታቀፍ ድካም ነው።

ወደ ክትባቱ ልመለስና ላብቃ። የፈንግል ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ሙቀት የሚችል ዓይነቱም አለ፤ በዓይን አንድ ጠብታ ይደረጋል፣ በየሦስት በየአራት ወሩ ይደገማል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፣ ከታመመች በኋላ አይረዳትም። ችግሩ ጠርሙሱ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የተሠራ ስለሆነ ስድስት ዶሮ ላለው ሰው ብቻውን መግዛቱ ይከብደዋል፤ አንዴ ከተበጠበጠም ለሌላ ቀን አይቀመጥም። ስለዚህ ጎረቤት ይሰብሰብ። አንድ ሰው በወረቀት ላይ «የእገሌ ቤት 6፣ የእገሊት ቤት 9» እያለ ይመዝግብ፣ ቁጥሩ ሲሞላ ገንዘቡ ይዋጣና የወረዳው እንስሳት ሐኪም በአንድ ጠዋት ይጥራ። ዶሮዎቹን ከማታው ቤት ውስጥ ዝጉባቸው። ጠዋት ከተለቀቁ በኋላ አሯሩጦ መያዝ ለሐኪሙም ለእናንተም ፈተና ነው።